ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት የተለጠፈው የጎርዳን ሞት

እሑድ፣ ኦገስት 17። ፕሪሌፕ

«በታላቅ ሐዘን እንገልጻለን። ውድ ልጃችን ጎርዳን ሪስቴስኪ በተወለደ በሃያ ስድስት ዓመቱ ከመካከላችን ተለይቷል።»

ይህ በትልቁ ፊደል ነው። ከሥሩ በትንሹ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «የተለየውም ከነጻነት ነው። ለረዥም ጊዜ በፍቅር ሲማቅቅ ቆይቶ ሐኪምም ጓደኛም ሊያድነው አልቻለም። ቀብሩ ከፍልሰታ ጾም በኋላ ባለው እሑድ በሰርግ አዳራሽ ይፈጸማል። አስከሬኑ በሚስቱ አባት መኪና ወደ ስትሩሚጻ ይሸኛል። ጥልቅ ሐዘንተኞች፦ ሁለት ጓደኞቹና አንድ ያረጀ ኳስ።»

እንደ እኔ ከሙያ ትምህርት ቤት በሁለተኛ ዓመቱ ለተባረረ ሰው መጥፎ ጽሑፍ ነው? አይደለም። ወረቀቱም የእውነት ነው። የምሠራው የሐዘን ወረቀት የሚያትም ሱቅ ውስጥ ነው፤ በከተማው ምሰሶና ዛፍ ላይ ተለጥፎ የምታዩት ሟች ሁሉ በእጄ ያለፈ ነው። ላገባ ጥቁር ጠርዝ፣ ለሙስሊም አረንጓዴ፣ ሳያገባ ለሞተ ወጣት ሰማያዊ። ለጎርዳን ሰማያዊውን ሰጠሁት። ሁለት ሳምንት ቢቀረውም ገና አላገባም፤ ሕግ ሕግ ነው። ፕላስቲክም አለበስኩት፣ ዝናብ እንዳያበላሸው።

ሲመሻሽ፣ ዳቦ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ምሰሶ ላይ ለጠፍኩት። ነገ ጠዋት ለጉዞ ስንወጣ በዚያ እናልፋለን። ጎርዳን ራሱን ሞቶ ያያል፣ እንስቃለን፣ እቀድደዋለሁ። ከዚያ ዘጠኝ ቀን፣ አራት አገር፣ ሦስት ሰው፣ አንድ መኪና።

ጎርዳን ከሰርጉ በኋላ የሚኖረው ስትሩሚጻ፣ ሚስቱ ቤት ነው። የኛ ከተማ ሰው እንዲህ ባለ ሙሽራ ላይ ይስቃል። እኔ አልስቅም። እኔ አትማለሁ።

ሰኞ፣ 18። ኦህሪድ ሐይቅ ዳር፣ ድንበር ላይ ተሰልፈን

አልቀደድኩትም።

በችኮላ ነው የምጽፈው። ጠዋት ሦስተኛችን ኢስሜት መጣ። መኪናው የሱ ነው፣ ሕግ አውጪውም እሱ ነው። ቴታ ስቶይና በሯ ላይ ቆማ አንድ ባልዲ ውሃ ከኋላችን ደፋችልን፤ መንገዳችን እንደ ውሃ እንዲፈስ። የጎርዳን አክስት ናት፣ አባቱ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። ውሃው ገና ሳይደርቅ ኢስሜት «ነዳጅ» ብሎ በላይኛው መንገድ ታጠፈ። በዳቦ ቤቱ አላለፍንም።

«ተመለስ» አልኩት።

«ምን ረሳህ?»

«የጥርስ ብሩሽ።»

«ውሃ ከተደፋ በኋላ አይመለሱም! ሟርተኛ። ጥርስህን በጣትህ እሸው።»

«ኢስሜት፣ እናትህ ትሙት፣ አንድ ደቂቃ ብቻ—»

«እናቴ ናት ያለችው። የተመለሰ ይገለበጣል ብላለች።»

ጎርዳን ከኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ፦ «ብላዤ ደግሞ መቼ ጥርሱን ፍቆ ያውቃል?»

ፓስፖርት እየጠየቁን ነው።

ማክሰኞ፣ 19። ሽኮደር፣ አልባኒያ

እነሱ በለስ ሊገዙ ገበያ ወጡ። እኔ ሆዴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ።

ሌላው ሰው ጋዜጣ እንደሚያነብ፣ ቴታ ስቶይና ምሰሶ ታነባለች። በየማለዳው፣ ዳቦ ከመግዛቷ በፊት። ማን እንደሞተ፣ መቼ እንደሚቀበር፣ ፎቶው የስንት ዓመት እንደሆነ። «ይሄ ፎቶ ላይ አሥር ዓመት ሰርቋል» ትላለች። መነጽሯ ኪሷ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ትልቁን ፊደል ያለ መነጽር ነው የምታነበው። ትንሹን አታየውም። ቀልዱ ያለው ደግሞ በትንሹ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት የሚነድፍ ምን ዓይነት ባለሙያ ነው? እኔ ነኝ።

ባለፈው ክረምት ደግሞ ልቧ ውስጥ ትንሽ ቱቦ አስገብተውላታል።

ዳቦ ጋጋሪው ጋ ደወልኩ፤ ሰፈሩ ሁሉ «ቺችኮ» ነው የሚለው፣ አጎቴ እንደ ማለት። «ቺችኮ ኪሮ፣ እባክዎ ምሰሶው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ያንሱልኝ። አለቃዬ ነው ያለው፣ ሊታደሱ ነው።»

«የማንን?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም! ስድስት ሟች? አርባቸው ሳይወጣ? ልጄ፣ እኔ ዳቦ ነው የምጋግረው፣ ከሙታን ጋር ጠብ የለኝም።»

«እሺ፣ አዲስ የተለጠፈ አለ?»

«መነጽሬ ዱቄት ለብሷል። ሰማያዊ ነገር ያለ ይመስለኛል። ምስኪን፣ ለጋ ልጅ ነው ማለት ነው። የማን ልጅ ይሆን?»

ዘጋሁት።

አለቃዬ ግሪክ ባሕር ዳር ነው፣ ስልኩን አጥፍቷል። እናቴ አለች። ለእናቴ መንገር ግን የቤተ ክርስቲያን ደወል ላይ ድምፅ ማጉያ መስቀል ነው።

ሰው ለዕረፍት ሲወጣ ፀሐይ ይለምናል። እኔ ለፕሪሌፕ ዝናብ ለመንኩ። በኋላ ግን ፕላስቲኩ ትዝ አለኝ። ለደንበኛ «አርባ ቀን ዋስትና» እያልኩ የምሸጠው እኔው ነኝ።

ረቡዕ፣ 20። ኡልጺን፣ ሞንቴኔግሮ

ጎርዳን ለቴታ ስቶይና ሦስት ጊዜ ደወለ። አታነሳም።

«በርበሬ እየጠበሰች ይሆናል» አለ።

አራተኛ ደወለ። አታነሳም።

እነሱ ባሕር ገቡ። እኔ ውሃው ይቀዘቅዛል ብዬ ቀረሁ። ሕፃናት ጡት ሳይጥሉ የሚዋኙበት ውሃ ነው።

ከሰዓት

ለኢስሜት ነገርኩት። ብቻዬን መሸከም አቃተኝ። እስኪያነጥሰው ሳቀ፣ ጨዋማ ውሃ በአፍንጫው ወጣ። «የኔን ስታትም አረንጓዴውን እንዳትረሳ» አለኝ። ከዚያ በአንዴ ሳቁን አቆመ።

«ቆይ። የትኛው ምሰሶ?»

«ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት።»

«አንተ! ያ እኮ የአባቱ—»

«አውቃለሁ።»

«ቴታ ስቶይና ደግሞ ልቧ—»

«አውቃለሁ አልኩህ!»

ከዚህ ሰዓት ጀምሮ የኢስሜትን ሻንጣ የምሸከመው እኔ ነኝ። ዝምታ በነጻ አይገኝም። ሻንጣው ውስጥ ምን እንደያዘ እግዜር ይወቀው፤ ለዘጠኝ ቀን ጉዞ የብረት ምጣድ ይዞ የመጣ ይመስላል።

ሐሙስ፣ 21። ኮቶር

አነሳች! አነሳች! ጎርዳን ድምፁን ከፍቶት ነበር፣ ሁሉንም ሰማሁ።

«ቴታ፣ ትናንት የት ጠፋሽ?»

«የት እጠፋለሁ! ስልኩን ቤት ትቼ ከተማ ወጣሁ። ጉዳይ ነበረኝ። ጾሙን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።» (ጠዋት የበላው ቡሬክ የሚባል ቂጣ አይብ ነበረበት። ዝም አልኩ። ከኃጢአት አንጻር ማንን ልናገር እችላለሁ?)

«ብላዤ አጠገብህ ነው? ደህና ነው? ስንት ሞላው እሱ፣ ሃያ አራት ወይስ ሃያ አምስት?»

«ሃያ አምስት። ምነው?»

«የአባቱ ስም ዲሜ ነው አይደል? ለሰርጉ ዝርዝር ነው። በሉ፣ ነፋስ እንዳይመታችሁ፣ የመኪናውን መስኮት በአንድ በኩል ብቻ ክፈቱ።»

አላየችውም ማለት ነው! ሄጄ ባሕር ውስጥ ከነልብሴ ዘልዬ ገባሁ። ኢስሜት «አበደ» አለ።

ደርቄ ስመለስ ግን ማሰብ ጀመርኩ። ማሰብ አልለመድኩም፣ ራሴን ያመኛል። የሰርግ ዝርዝር የአባቴን ስም ምን ያደርግለታል? ቤታችን ከቤቷ በሦስተኛው በር ነው። አባቴን በልጅነቱ በመጥረጊያ እያባረረች ነው ያሳደገችው። ስሙን የምትጠይቀው ለምንድን ነው?

ወረቀቱን አይታ ደንግጣ፣ አእምሮዋ ተነክቶ ይሆን? የምታውቀውን ሰው ስም መርሳት የዚያ ምልክት ነው ይላሉ።

ዓርብ፣ 22። መንገድ ላይ

እናቴ ድንገት መልእክት ላከች፦ «ሁለተኛ ክፍል እያለህ ጥንቸል ሆነህ የተነሳኸው ፎቶ የት ነው ያለው? አልበሙ ውስጥ አጣሁት።» ሰው በጭንቀት ሊሞት ሲል እናት ጥንቸል ትፈልጋለች። ከመሳቢያው ሥር ነው አልኳት። የልብ ምልክት ላከችልኝ። እናቴ የልብ ምልክት ልካልኝ አታውቅም።

ቅዳሜ፣ 23። ሞስታር፣ ቦስኒያ

ዛሬ በዝርዝር እጽፋለሁ፣ የሚያናግረኝ ሰው የለምና ጊዜ አለኝ።

ጠዋት ከድልድዩ ላይ የሚዘሉትን ወጣቶች ስናይ ነበር። ኢስሜት «ብላዤ ዝለል እንጂ፣ ትልቅ አፍ ያለው ሰው አይሰጥምም» ይለኛል። ጎርዳን ይስቃል። ከዚያ ወደ ገበያው ስንወርድ፣ አንድ ግድግዳ ላይ የሐዘን ወረቀቶች ተለጥፈው አየን፤ ጥቁሩም አረንጓዴውም ጎን ለጎን፣ ልክ እንደ ኛው አገር። እኔ በባለሙያ ዓይን ሙጫው እንዴት እንደተቀባ አያለሁ። ጎርዳን ግን ቆሞ ማንበብ ጀመረ። የማያውቀውን ሰው።

«የአባቴ ወረቀት ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ነበር» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አርባ ቀን ሙሉ፣ ዳቦ ልገዛ ስሄድ ‹ደህና አደርክ› እለው ነበር። ቴታ ትሰማኝና መንገዱን ተሻግራ ትጠብቀኛለች። አንድም ቀን ‹ተው› ብላኝ አታውቅም።»

ኢስሜት እግሬን ረገጠኝ። ባይረግጠኝም እናገር ነበር። ይመስለኛል።

«ጎርዳን፣ አንድ ነገር አድርጌያለሁ።»

ነገርኩት። ትልቁን ፊደል፣ ትንሹን ፊደል፣ ሰማያዊውን ጠርዝ፣ ኳሱን። እስከ መጨረሻው ሲሰሙት ቀልድ የሆነ ነገር፣ ገና መሃሉ ላይ ሲሆኑ እንዴት ያስጠላል።

«የት ነው የለጠፍከው?»

«ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት።»

ወደ ግድግዳው ዞረ።

«የቱን ፎቶ?»

«አህያ ላይ የወጣህበትን።»

አልሳቀም። ያ ፎቶ ሁልጊዜ ያስቀዋል።

«ያንን ምሰሶ ታውቀዋለህ፣ ብላዤ።»

«አላሰብኩም።»

«አንተ መቼ አስበህ ታውቃለህ?»

ስልኩን አውጥቶ ወደ ድልድዩ ተመልሶ ሄደ። ከሩቅ አየሁት፣ ጀርባውን ሰጥቶናል፣ ስልኩ ጆሮው ላይ ነው። አንድ እጁን ድንጋዩ ላይ ጣለ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጎርዳን ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ በአባቱ ቀብር ላይ እንኳ አላለቀሰም ይላሉ። ኢስሜት ሊሄድ ሲል ያዝኩት፣ «ተወው» አልኩት።

ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

«ምን አለች? ደህና ናት? ጎርዳን፣ ደህና ናት ወይ?»

«ቤት ስትደርስ ታያለህ።»

ከዚያ ወዲህ ሌላ ቃል አልወጣውም።

እሑድ፣ 24። ሰርቢያ ድንበር

ኩርፊያው ቦስኒያን አቋርጦ ሰርቢያ ሊገባ ነው። ደግነቱ አገሮቻችን ትንንሽ ናቸው። በትልቅ አገር ቢሆን ምን ይውጠኝ ነበር?

የጉምሩኩ ሰው «የምታስታውቁት ነገር አለ?» ሲል ሦስታችንም ተያየን። ፍተሻው አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀ።

ሰኞ፣ 25። ኒሽ

ኢስሜት ሻንጣውን ራሱ ተሸከመ። ያኔ ነው በደንብ የፈራሁት።

ምሳ ላይ ጥብስ ቀረበልን፤ ጎርዳን ጾም ነኝ ብሎ ባቄላ አዘዘ። ከዚህ በፊት ሦስት አገር ላይ ገድፏል። ስእለት ገብቶ ይሆን? ለነፍሷ?

ወረቀቱን ለምን እንደጻፍኩት ኢስሜት ጠየቀኝ። ለቀልድ አልኩት። «ሊያገባ ነው እንጂ ሊሞት አይደለም እኮ» አለኝ። መች ሊሞት ነው አልኩ? ስትሩሚጻ ሁለት ሰዓት ናት። ሰው ሁለት ሰዓት ሄዶ ይመለሳል። ግን ሰው እዚያ አልጋ ከዘረጋ፣ ሥራ ከያዘ፣ የአማቱን በርበሬ መልቀም ከጀመረ፣ በየስንት ጊዜው ነው የሚመለሰው? ኳሱ የሦስታችን ነው። በሁለት ሰው ኳስ መጫወት አይቻልም፤ አንዱ ግብ ላይ ከቆመ ሌላው ለማን ያቀብላል?

ይህን ያልኩት ስለ ኳስ ነው።

ማክሰኞ፣ 26። ፕሪሌፕ

ኢስሜት ሳይጠየቅ በታችኛው መንገድ ገባ። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ መኪናውን አቆመ። ሁለቱም አልወረዱም። «ውረድ» አለኝ ጎርዳን። ከቦስኒያ ወዲህ ለኔ ያለው የመጀመሪያ ቃል ነው።

ወረድኩ። ሰማያዊው ወረቀት የለም። በቦታው ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል፣ ጠርዙ ሮዝ ነው። እኛ ሱቅ ሮዝ የለም። ፎቶው ላይ ጥንቸል የሆንኩ እኔ፣ ረዥም ጆሮ ተክዬ፣ ሁለት የፊት ጥርስ ጎድሎኝ እስቃለሁ። ከሥሩ፣ ሁሉም በትልቁ ፊደል፣ መነጽር የሌለው ሰው እንኳ ከመንገድ ማዶ እንዲያነበው፦

«በሐዘን እንገልጻለን። የብላዤ ዲሜስኪ አእምሮ በሃያ አምስት ዓመቱ፣ ብዙም ሳያገለግለው፣ ተለይቶታል። ሬሳው ግን እየተራመደ ስለሆነ፣ እሑድ በጎርዳን ሰርግ ወንበር ይሸከማል፣ ሳህን ያጥባል፣ ከስድሳ ዓመት በላይ ካሉት ሴቶች ሁሉ ጋር ይጨፍራል። ሐዘንተኞች፦ የሉም።»

ከመኪናው ውስጥ ሁለቱ አህዮች ሲያናፉ ተሰማኝ። ያኔ ገባኝ። ሞስታር ድልድይ ላይ የተንቀጠቀጠው ትከሻ የልቅሶ አልነበረም።

ቺችኮ ኪሮ በዱቄት እጁ አጨበጨበ። «የማን ልጅ ይሆን? ምስኪን!» አለ። ባለፈው ማክሰኞ በስልክ ሲያናግረኝ ሁሉንም ያውቅ ነበር፤ ሽማግሌ ሌባ!

ቴታ ስቶይና ከውስጥ ዳቦዋን ታቅፋ ወጣች። በእግሯ። በሙሉ ጤና። ልስማት ሄድኩ፣ በዳቦው ራሴን መታችኝ።

«ሰኞ ጠዋት እናንተን ከሸኘሁ ግማሽ ሰዓት አይሆንም» አለች። «ባልዲው እጄ ላይ ነው። ስሙን አየሁ። ኪሮ የምቀመጥበት ሳጥን አቀረበልኝ። መኪናው ተገልብጦ ነው አልኩ። መች ደርሶ ተለጠፈ ብዬ እንኳ አላሰብኩም። መነጽሬን ከኪሴ እስካወጣ ድረስ—»

የሚያናፉት ከመኪናው ወረዱ።

«ከትልቁ ፊደል እስከ ትንሹ አንድ ትንፋሽ አለ፣ ልጄ። ያቺን ትንፋሽ እዚህ ምሰሶ ሥር አንድ ጊዜ ተንፍሻታለሁ። ሁለተኛ አልፈልጋትም ነበር።»

«ቴታ፣ እኔ…»

«ኳሱ ጋ ስደርስ ግን ሳቅኩ» አለች። ወረቀቴን አጣጥፋ ከኪሷ አወጣችው፣ ሰማያዊውን። ጣለችው ብዬ ነበር። «ለምን ጻፍከው?»

«ለቀልድ።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ስትሩሚጻ ሁለት ሰዓት ናት» አለች።

እኔ ስለ ስትሩሚጻ ምን አልኩ?

ሐሙስ፣ 28። ፍልሰታ

ጾሙ ተፈታ። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አሥራ አንድ ሰው እጄን ጨብጦ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ። አንዲት አሮጊት የተቀቀለ ስንዴ በኩባያ ሰጠችኝ፣ ለሟች አእምሮዬ መታሰቢያ። ጥሩ ስኳር ነበረው። ጨርሼ በላሁት።

የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር ነው፤ ቴታ ስቶይና የኔን ወረቀት ያሳተመችው ተፎካካሪያችን ሱቅ ነው። ሙጫውን ነካሁት። ከኛ ይሻላል።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 1

ሰርጉ አለቀ። መቶ ስልሳ ወንበር ተሸከምኩ። ከስድሳ በላይ ያሉትን ሴቶች መቁጠር አቆምኩ፤ አንዷ ጣቴን ረግጣ ይቅርታ አልጠየቀችም፣ «ሬሳ አይሰማውም» አለች። ኢስሜት ከበሮ አጠገብ ቆሞ ኳሱን ነጭ ሪባን አስሮበት ለሙሽሮቹ ስጦታ ሰጠ። ሌንቼ፣ የጎርዳን ሚስት፣ ኳሱን ተቀብላ «ሦስተኛው ተጫዋች በየስንት ጊዜው ነው የሚመጣው?» አለችኝ። ጎበዝ ሴት ናት። ደስ አትለኝም ብዬ ነበር፣ አልተሳካልኝም።

ዛሬ ጠዋት ሊሄዱ ሲሉ ቴታ ስቶይና ባልዲውን ይዛ ወጣች። ከዚያ ለኔ ሰጠችኝ።

«አንተ ድፋ።»

ደፋሁ። ግማሹ ጫማዬ ላይ ሆነ። ጎርዳን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፦ «አንተ ሟች! ቅዳሜ ና! የጥርስ ብሩሽህን እንዳትረሳ!» አለ። ዓይኔን ውሃ የነካው ከባልዲው ነው። ባልዲው ትልቅ ነበር።

እንግዲህ በታላቅ ሐዘን የጀመርኩት ነገር ሲመዘን ይኸው ነው፤ አንድ ወረቀት፣ አራት ቁራጭ ፕላስተር። ማንም አልሞተም። ስትሩሚጻም ሩቅ አይደለችም፣ ሁለት ሰዓት ናት፤ በኢስሜት መኪና ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ እኔ ጠይቄዋለሁ። ቅዳሜ በታችኛው መንገድ ነው የምንወጣው፣ በዳቦ ቤቱ በኩል። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን በስልክ ላታለለኝ ለቺችኮ ኪሮም የሐዘን ወረቀት አትሜለታለሁ፤ ስሙም ቀልዱም በትልቁ ፊደል ነው።